ስለቱ ባይሰምርም

ግንቦት 1 ማለዳ ነው። በአዲስ አበባ በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መሃል ባለው ግቢ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ ትልቅ ድስት ተጥዷል። ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው ተዘፍዝፎ ነው ያደረው። እህሉ የአንድ ቤት አይደለም፤ ከየፎቁ የተዋጣ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ጣሳ ስንዴ ወርዷል፣ ከምድር ቤት አንድ ኪሎ ሽምብራ መጥቷል። እህል ያልነበረው ለቡናና ለከሰል የሚሆን ብር ሰጥቷል። ብርም ያልነበራቸው አንድ አሮጊት ከማንም ቀድመው ወርደው እሳቱን አያይዘዋል።

«ጨው ገና ነው! ጥሬው ሳይበስል ጨው ከገባ ይደድራል» ትላለች ድስቱን የምታማስለው ሴት፣ የጨው ዕቃ ይዛ የቀረበችውን ወጣት እየመለሰች። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱም ቀርቧል። ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዜማ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ባቡሩ ሲያልፍ ለጥቂት ጊዜ ይዋጥና እንደገና ይመለሳል። ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ከባቡሩ እየወረዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያቀናሉ።

ንፍሮው ሲወጣ ሁሉም ይቆማል። በዕድሜ የገፉት አዛውንት ምርቃት ይጀምራሉ። የታመመውን ይማረው፣ የታሰረውን ያስፈታው፣ መካኒቱን ልጅ ያሳቅፋት፣ ክረምቱን የበረከት ያድርገው፣ ለከርሞም በሰላም ያድርሰን እያሉ ይቀጥላሉ። በየመሃሉ «አሜን» ይባላል። ከዚያ ንፍሮው በእፍኝ በእፍኝ ይታደላል። ለግቢው ጥበቃ ይደርሰዋል፣ ለመንገደኛው ይደርሰዋል፣ ሌላ እምነት ላለውም ጎረቤት ይደርሰዋል።

ይህ የግንቦት ልደታ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን የልደቷ በዓል ነው። በግብፅ የምትገኘው የኮፕት ቤተ ክርስቲያንም በዚሁ ቀን ታከብረዋለች፤ ግሪኮችና ካቶሊኮች ግን በፈረንጆች መስከረም 8 ነው የሚያከብሩት። በዓሉ በብዙ የአገራችን ክፍል ከቤት ውጭ የሚከበርበት ምክንያት ከትውፊቱ ይመነጫል። ኢያቄምና ሐና ባለጠጎች ነበሩ፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም። ልጅ አለመውለድ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን ይኖሩ ስለነበር ወደ ቤተ መቅደስ ያመጡት መባ ሳይቀር ተናቀባቸው። አዝነው ጸለዩ፤ ሐና በስተርጅና ፀነሰች። የሰውን ወሬና ክፋት ሽሽት ወደ ሊባኖስ ተራራ ወጡ፤ ልጅቱም ጣራ በሌለበት፣ በደጅ ተወለደች። ስለዚህ ነው በዚህ ቀን ድስቱ ከጓዳ ወጥቶ ደጅ የሚጣደው።

የቀኑ ምግብ ንፍሮ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ አይውልም፤ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። ስለዚህ ግንቦት 1 ምንጊዜም የሚውለው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት። ዶሮውም፣ ቅቤውም፣ ሥጋውም ተፈቅዷል። ሰው ግን በዚህ ቀን ከአብዛኛው ቤት የማይጠፋውን ጥሬ ቀቅሎ ለምስጋና ያቀርባል። ለዓውደ ዓመት በግ የሚገዛና የማይገዛ ጎረቤት አለ፤ በድስቱ ዙሪያ ግን ያ ልዩነት ለግማሽ ቀን ይጠፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ የአስቤዛ ዋጋ ያንገዳገደው ቤተሰብ በልደታም ብዙ ነው። አንድ ጣሳ ስንዴ ይዞ የወረደው ጎረቤት ከተረፈው ላይ አላነሳም፤ ከሚበላው ላይ ነው የቀነሰው።

ልደታ ራሷ ብዙ አይታለች። ከ2000 ዓ.ም. ጥቂት ዓመታት በኋላ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየም ቆመ። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ዕድር የኖሩ ሰዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ። አዲሶቹን ሕንፃዎች ደግሞ ዕጣ የወጣላቸው፣ ከየሰፈሩ የመጡ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ገቡባቸው። በር ይዘጋል፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ አንገት ደፍቶ ማለፍ ይመጣል። አንዲት የግቢው ነዋሪ እንደምትለው፣ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ከላይዋ የሚኖረውን ሰው በእግሩ ኮቴ እንጂ በመልኩ አታውቀውም ነበር። ያስተዋወቃቸው የግንቦት ልደታ ነው። እህል ለመሰብሰብ በር ያንኳኳችውን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተው አነጋገሯት። ዛሬ በአንድ ዕድር ናቸው። ወደ ዳርቻ ከሄዱት የድሮ ሰዎችም በዓሉን ጠብቀው በባቡርና በታክሲ የሚመለሱ አሉ። በዚህ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ተቃቅፎ የሚላቀስ ሰው ያየ እንግዳ ለቅሶ የደረሰ ሊመስለው ይችላል። እነሱ ግን ሳይሞቱ በመገናኘታቸው ፈጣሪን እያመሰገኑ ነው።

በዓሉን ከአድባር አምልኮ ጋር የሚያደባልቁ መኖራቸውም እውነት ነው። በየዛፉ ሥር ቡና ማፍሰስና ዶሮ ማረድ የእመቤታችን በዓል ሥርዓት አለመሆኑን ሰባኪዎች በየዓመቱ ያስተምራሉ፤ ትክክልም ናቸው። ሆኖም ያንን ለማረም ሲባል ድስቱንም ጎረቤቱንም አብሮ መበተን አይገባም። ጉባኤው የሚያመሰግነውን አምላክ እስካወቀ ድረስ በደጅ የተቀመጠ ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ያስተማረችውን ፍቅር በተግባር እየፈጸመ ነው።

በልደታ ስለ ምስጋናና ስለ ተስፋ ሲነሳ ስለትን መዝለል አይቻልም። የተቸገረ ሰው «ይህን ብታደርጊልኝ ይህን አመጣለሁ» ብሎ ይሳላል። የተሳለው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ ወይም በወርቅ ቀለም ክር ያጌጠ ድባብ ሊሆን ይችላል። ሲሰምርለት በበዓሉ ቀን ይዞ ይመጣል፤ በሕዝብ ፊት ይነገርለታል፤ እልልታው ይቀልጣል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ነው። በልደታ ደግሞ ወር በገባ በ1 ቀን፣ በተለይም በግንቦት፣ ስለት የያዘ ሰው ይበዛል። ጉዳዩ እንደ ሰፈሩ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ከችሎት በፊት ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ ያልፋል፤ የልጇን የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቅ እናት ትሳላለች፤ ሐኪም «ቆይተሽ ተመለሺ» ያላት ትሳላለች፤ ከሁሉ በላይ ግን ልጅ የናፈቃት ሴት የሐናን ታሪክ ይዛ ትመጣለች።

የሐና ታሪክ ራሱ የስለት ታሪክ ነው። ሐና ልጅ ከሰጠኸኝ ለአንተ ለቤተ መቅደስህ እሰጣለሁ ብላ ተስላ ነበር። ልጅቱ 3 ዓመት ሲሞላት ስለቷን ለማድረስ ወደ ቤተ መቅደስ አስገባቻት፤ ታኅሣሥ 3 የሚከበረው በዓታ ለማርያም የዚህ መታሰቢያ ነው። ዘመኗን ሙሉ የለመነችውን፣ ያገኘችውንም አንድ ልጇን መልሳ ሰጠች። ስለትን እንደ ንግድ ውል የሚያይ ሰው፣ ማለትም «ይህን ስጠኝና ያንን እከፍልሃለሁ» የሚል፣ የሐናን ሁለተኛ ጉዞ ዘንግቶታል። ሐና የተቀበለችውን የራሴ ነው ብላ አልያዘችም።

ይህን በደንብ ያስረዱኝ አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ወጣ ብሎ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀው «ና፣ ልጄ፣ ጥላ አለ» ብለው አስቀመጡኝ። ወንድ ልጃቸው በካንሰር ታሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተመላልሷል። ጥቁር አንበሳ በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ነው ያለው፤ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኝበት ብቸኛ ቦታ ስለነበር ከየክፍለ ሀገሩ ታማሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ በዙሪያው ቤት ተከራይቶ፣ አንዳንዱም በረንዳ ላይ አድሮ፣ ተራ ሲጠብቅ ኖሯል። እኚህ እናት በእነዚያ ወራት ከማያውቋቸው አስታማሚዎች ጋር ሰሐን ተጋርተዋል፤ በአንድ መጽሐፍ ውዳሴ ማርያም ደግመዋል፤ የሌላውን ሰው ልጅ እንደ ራሳቸው ልጅ አጥበዋል። ልጃቸው በእግሩ ቢወጣ ለልደታ ድባብ እንደሚያመጡም ተስለዋል።

ልጁ አልዳነም።

በተከተለው ግንቦት ድባቡን ይዘው መጡ። ዘመድ ተቃውሟቸው ነበር። «ስለቱ እኮ አልሰመረም፣ ምን ዕዳ አለብሽ?» አሏቸው። እሳቸው እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ፦ «እግዜር 19 ዓመት ሰጥቶኝ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ልጄ ጠዋት ተነስቶ ትምህርት ቤት ሲሄድ አመስግኜበት አላውቅም። የሚያመሰግኑበት ነገር አይመስለኝም ነበር። ድባቡ ለዚያ ነው።» ስለት የሚያነበውን ሰውም አስቀድመው ለምነውታል። «ሰመረላት አትበል፤ አመጣች በል አልኩት። እሱም እንዲሁ አለልኝ። ሰው እልል ሲል ግን እንባዬን ማቆም አቃተኝ። ቄሱም ዝም በይ አላሉኝም።»

እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የእምነት ቃል ከማንም አልሰማሁም።

የእኚህ ሴት ነገር ከቤተ ክርስቲያን ጸሎት የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅዳሴ ሲጀመር በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚጠራው ጸሎተ አኮቴት ይደረሳል። ይህ ጸሎት ስለ ተሰጠ ሀብት ወይም ስለ ተገኘ ፈውስ ብቻ የሚያመሰግን አይደለም። ስለ ሁሉ ነገር፣ በሁሉም ነገር ውስጥ ያመሰግናል። ምክንያት አድርጎ የሚጠቅሰውም መጠበቃችንን፣ መረዳታችንንና እስከዚያች ሰዓት መድረሳችንን ነው። ልመናው፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ ተሰደዱት፣ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው የሚጸለየው፣ ከዚያ በኋላ ይከተላል። በሕይወቱ ሁሉ እሑድ እሑድ ይህን ቅደም ተከተል የሰማ ሰው፣ ቃሉን በቃሉ ባይይዘው እንኳ፣ ምስጋና ለመልካም ውጤት የሚሰጥ ዋጋ አለመሆኑን ልቡ ይለምዳል። አመስግኖ ስለሚጀምር መልሱ ሲዘገይ ወይም እንደ ጠየቀው ሳይሆን ሲቀር እጁ ባዶ አይሆንበትም። ተስፋው የሚቆምበት መሬት ያገኛል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ በግልጽ መነገር አለበት። ሰው «ተመስገን» ከሚለው ቃል ኋላ ሊደበቅ ይችላል። ባሏ የሚመታት ሴት «ተመስገን» ትላለች፤ ኪራይ ጨምሮበት ሊወጣ የደረሰ ሰው «ተመስገን» ይላል፤ የሚጠይቀውም ሰው መልሱን ሰምቶ ያልፋል። ክርስትና እንዲህ ያለውን ዝምታ አላዘዘም። በየቤቱ ጠዋት ጠዋት የሚደገመው የዳዊት መዝሙር 150 ምዕራፍ ነው፤ ከእነዚያ ውስጥ ብዙው የተከፋ፣ የተገፋ፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጮኽ ሰው ጸሎት ነው። ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶች ምስጋናውንና ብሶቱን በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ጠዋት ያነባሉ። ንፍሮም ቢሆን የልደታ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ቤትም ይቀርባል። እኚያ እናት በልጃቸው ሐዘን ጊዜ ጎረቤት ቀቅሎ ያመጣላቸውን ንፍሮ ያስታውሳሉ። «ያኔ አልበላልኝም ነበር፤ ዘንድሮ በላሁ» አሉኝ።

ይህ የምስጋና ጸጋ በአንድ ቤተ እምነት አጥር ውስጥ የታጠረም አይደለም። በልደታ እሑድ ጠዋት ወደ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚሄዱ ጎረቤቶችም አሉ። በእነሱ ዘንድ የምስክርነት ጊዜ አለ፤ አንዱ ተነስቶ ሥራ ማግኘቱን ወይም ከሕመም መነሣቱን ይናገራል፤ ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ይላል። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ምስጋናን በደስታ ቀን ብቻ አልተማሩትም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም ብለው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ 10 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ታስረው ተሠቃዩ፤ ከወጡ በኋላም በእምነታቸው ጸንተው እስከ 2007 ዓ.ም. ኖረዋል። በዚያው በ1971 ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የወንጌላውያኑ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶም በእምነቱ ምክንያት 7 ዓመት ታስሯል፤ ዝማሬዎቹ ዛሬም በየጉባኤው ይዘመራሉ። በዚያ ዘመን የጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ ምስክርነት ለመስጠት ሲነሱ ከሁሉ አስቀድመው የሚያመሰግኑት በግልጽ ለመሰብሰብ በመብቃታቸው ነው። ወጣቶቹ ይህን ምስጋና ቶሎ ላይረዱት ይችላሉ። የሽማግሌዎቹን ፊት ያየ ግን ይገባዋል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሉት አላቸው። አሜሪካውያኑ ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማኩሎ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ተሳታፊዎች የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች፣ ሌሎች ደግሞ ያስመረሯቸውን ነገሮች በየጊዜው እንዲጽፉ አድርገዋል። ምስጋናቸውን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜትና ለሚመጣው ጊዜም የበለጠ ተስፋ ታይቶባቸዋል። ጥናቱ የሚጠቅም ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ምስጋናቸውን ለየብቻቸው በወረቀት ላይ ነው ያሰፈሩት። በልደታ ምስጋና ድስት ይፈልጋል፣ ጎረቤት ይፈልጋል፣ «አሜን» የሚል ሰው ይፈልጋል። ማመስገን ያቃተው ቀን የሌላው ድምፅ ይሸከመዋል። የሐዘንተኛዋን እናት ድባብ በእልልታ የተቀበሉት ሰዎች የልጃቸውን ስም እንኳ አያውቁም ነበር።

የጽዋ ማኅበርም ጉልበቱ እዚሁ ላይ ነው። እኚያ እናት ወር በገባ በ1 ቀን የሚሰበሰብ የልደታ ማኅበር አላቸው። አሥራ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል። ዳቦውና ጠላው ይቀርባል፣ የንስሐ አባት ይባርካሉ፣ በልብስ የተሸፈነው ጽዋ ይዞራል። መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ፣ ጧፍ በርቶለት፣ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። የቀረ አባል ካለ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባለው፣ ያስጠይቃል፤ የታመመ ከሆነ ተያይዘው ይሄዳሉ። ልጃቸው በሞተበት ዓመት ተራቸው ሲደርስ ማኅበርተኞቹ አስፈቅደው ድግሱን አወጡላቸው። እናትየዋ በራሳቸው ቤት እንደ እንግዳ ተቀምጠው ዋሉ። ከቅዳሴ ውጭ ብዙም ሰው ፊት የማይወጡበት ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን «ተራዬን ስጡኝ» አሉ። ተራ መቀበል ማለት ያ ቀን እስኪደርስ እኖራለሁ ብሎ በሰው ፊት ቃል መግባት ነውና፣ ይህን ሲሉ ማኅበርተኞቹ ምን ያህል እንደተደሰቱ መገመት አያስቸግርም።

የዚህኛው ዓመት ተራቸው ጥር 1 ነው። ስንሰነባበት ስለ ድግሱ ነበር የሚያወሩኝ። ገብሱን አሁን አይገዙም፤ አዲሱ ከታኅሣሥ ጀምሮ ገበያ ሲገባ ይሻላል። ጌሾው ከእህታቸው ይላክላቸዋል። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ በሕንፃው የጋራ መገልገያ ቤት ለመደገስ ለኮሚቴው ተናግረዋል፤ ወንበሩንም ከዕድር ይዋሳሉ። «ወንበሩን የሚያመጡልኝ የልጄ ጓደኞች ናቸው» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሦስቱ አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። ጠርቻቸዋለሁ፤ እንመጣለን ብለውኛል። አንተም ከመጣህ ከሰዓት ቀደም በል፤ ከዘገየህ ዳቦው ያልቃል።»